የወደቀ የሚወጣበት በር

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ዶክተር ታምራትን ድሮም አልወደውም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ግን ጠልቼዋለሁ።

ከቸርች በኋላ ቤቱ ምሳ ጠርቶን ከስፔን ያመጣውን ፎቶ በቴሌቪዥን ያሳየን ጀመር። ለስብሰባ የሄደበት ዩኒቨርሲቲ ስምንት መቶ ዓመት ያለፈው፣ ራሱን የቻለ ከተማ የሚያህል ነው። "ድሮ ለዶክተርነት ተፈትኖ ያለፈ በዋናው በር በክብር ይወጣል፤ የወደቀ ግን በጓሮ፣ በጋሪ መግቢያው" አለን። ይህን ሲል ለምን እኔን እንዳየ አውቃለሁ። ከመሰደዴ በፊት ሆሳዕና ታሪክ አስተምር እንደነበር፣ ማስተርሴን እንዳልጨረስኩም ያውቃል።

ዝም ማለት ነበረብኝ። "ያለፈውም ቢሆን ከተማውን ደግሶ ካላበላ፣ የኮርማ ፍልሚያ ካላሳየ ዶክተር አይባልም ነበር። ድሃ ከሆነ ጎበዙም ማዕረጉን ሳያገኝ ይቀራል" አልኩት።

"ጋሼ፣ ይህን ደግሞ የት አነበብከው? ስፓዛ ሱቅህ ውስጥ?" አለኝ።

አዎ፣ እዚያው ነው ያነበብኩት፤ ከሱቄ ፍርግርግ ጀርባ፣ ዳቦና ኤርታይም፣ የስልክ ካርድ፣ እየሸጥኩ። ይህን ከማለቴ በፊት ግን ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ቀድማ የሳቀችው ሚስቴ ናት።

መኪና ውስጥ "ቀልድ አይገባህም እንዴ?" አለችኝ። ሶዌቶ፣ ሱቃችን ደረስን። የሱቁን የፊት በር ዘራፊ ፈርተን በብየዳ ካስዘጋነው ቆይቷል፤ የምንኖረውም እዚያው ስለሆነ የምንገባው የምንወጣው በጓሮ ነው። እሷ ከፍታ ገባች። እኔ ይህን የምጽፈው ደጅ ቁጭ ብዬ ነው። ሁለቴ ጠርታኛለች። በዚያ በር መግባት አቃተኝ።