የሚሮጥ ሁሉ ሌባ ነው

ጥቅምት 4

ዛሬም ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት፣ ወንበር። በገጀራ እግሩን የተመታ ሰው መዝገብ ሳገላብጥ የራሴ እግር ደነዘዘ። ከሰዓት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ሲስተር ሚስጥር ስኳሬን ለክታ አየችኝ።

"ጋሽ ደምሰው፣ ሥራ ላይ ይቀመጣሉ?"

"ሁልጊዜ።"

"ከሥራ በኋላስ?"

"መጽሐፍ አነባለሁ።"

"ቆመው?"

ጫማዬን ማጥለቅ ጀመርኩ። "እንዲህ ከቀጠሉ ይሄ እግር ይቆረጣል" አለች። ጥሩ ልጅ ናት፤ አነጋገሯ ግን የዐቃቤ ሕግ ነው።

በየቀኑ መራመድ፣ ቀስ እያሉ መጨመር። ቁርስ ሳይበሉ ኪኒን ውጦ አለመውጣት። ከኪስ ከረሜላ አለመለየት፤ ስኳር በድንገት ከወረደ ያንቀጠቅጣል፣ ላብ በላብ ያደርጋል፣ ምላስ ያስራል አለች። ለስኳር በሽተኛ ከረሜላ! ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ጥቅምት 6

አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ተራመድኩ። ከተማችን ጂንካ ደነገጠች። ዝም ብለው ያሳለፉኝ ሜዳው ላይ የሚግጡት ላሞች ብቻ ናቸው። "ጋሼ፣ ማን ሞተ?" ይለኛል ያገኘኝ ሁሉ። እዚህ ትልቅ ሰው ከፈጠነ ወይ ለቅሶ አለበት ወይ ክስ። ባለባጃጁ ቶላ አጠገቤ እያዘገመ፣ "ይግቡ እንጂ፣ በነፃ!"

"ለጤና ነው።"

"በእግር?" አዘነልኝ።

ጥቅምት 15

ውሻ ሱሪዬን ቀደደው። ድንጋይ ወረወርኩ፣ ሳትኩ። ውሻው እንኳን ናቀኝ።

ኅዳር 2

የደነዘዘው እግሬ ውስጥ የሆነ ነገር ይወጋኛል። ሲወጋ ደስ ይላል? ነገ ሶምሶማ እሞክራለሁ።

ኅዳር 7

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኙ ጀሶ ውስጥ ነው።

ሶምሶማ የጀመርኩ ቀን ጠዋት ኪኒኔን ዋጥኩ። ቁርስ ስመለስ ይደርሳል ብዬ ወጣሁ። ከረሜላው ሌላኛው ኮቴ ውስጥ ቀረ። ሜዳው ጫፍ ስደርስ ከገበያው በኩል "ሌባ! ያዘው!" ተባለ። እኛ ዘንድ ኡኡታ ከተሰማ ወንድ ሁሉ ይወጣል፣ የሚሮጠውንም ይይዛል። ማን ሰረቀ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ደግሞ እሮጥ ነበር... ከልጅነቴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቆሜ ላስረዳ አልኩ። ምላሴ ታሰረ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላቤ ይንቆረቆራል።

"ሲንቀጠቀጥ እዩት! እሱ ነው!"

የመጀመሪያው ዱላ ክንዴን እንደ ሸንኮራ ሰበረው። ድምፁን ሰማሁት። ከዚያ ጫማ ነው። አንዱ ጎድኔ ላይ ወጥቶ ቆመ። ጥርሴን ከአፈር ጋር ተፋሁት። "ከባድ የአካል ጉዳት"... ስንቱን መዝገብ እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ! ምን ማለት እንደሆነ ገና አሁን ገባኝ።

ሻይ ሻጯ ተናኜ ናት ያዳነችኝ። "እናንተ አውሬዎች! ጋሽ ደምሰው እኮ ናቸው! የመዝገብ ቤቱ!" ዱላው አየር ላይ ቆመ። ቀና ስል የያዘው ቶላ ነው። የተናኜ ባል በዚሁ በስኳር በሽታ ነው የሞተው፤ ላቤን አይታ አወቀች። ስኳር በጣቷ ድዴ ላይ አሸችልኝ። ደሜና ስኳሩ አብረው ወረዱ።

ኅዳር 21

ሽማግሌዎች ቶላንና አንድ ፍየል ይዘው መጡ። "በምን ይካስህ?" አሉኝ። ባለቤቴ አለምነሽ እየጸለየች ነበር። አሜን ሳትል፣ "የሱም ክንድ ይሰበር" አለች።

"ፍየሉ ይመለስ" አልኩ። "እሱ ጠዋት ጠዋት አብሮኝ ይራመድ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ቶላ በሹክሹክታ፣ "ጋሼ... ፍየሉ አይሻልዎትም?"

የካቲት 16

ጀሶው ከወጣ ሰነባብቷል። ከቶላ ጋር ሶምሶማ ላይ ነን። ዛሬ ገበያ ነው። "ሌባ!" ተባለና አንድ ሰውዬ ጀሪካን አንጠልጥሎ ከፊታችን ተፈተለከ። ቶላ ተከተለው። እኔም። ለምን? አላውቅም። ብቻ ቶላን ቀደምኩት፣ ሰፈሩን ሁሉ ቀደምኩት። እንዴት ደስ ይላል!

ሰውዬው ተደናቅፎ ወደቀ። ይንቀጠቀጣል። ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው የሚያየው። እኔም አየሁት። ድንጋይ። መቼ አነሳሁት? ከዚያ ርቀት ደግሞ አልስትም።

ማንም ሳያይ ኪሴ ከተትኩትና ሰውዬውን ልከልል ላዩ ላይ ተደፋሁ። ዱላ ጀርባዬ ላይ አረፈ፣ ደገመ። "ጋሼ ናቸው! አቁሙ!" ቶላ ነው፤ እላያችን ላይ ቆሞ ሲከላከል ጆሮው በድንጋይ ተተረተረ። ሰውዬውን ፖሊስ ወሰደው። ከነሕይወቱ።

ማታ አለምነሽ ኮቴን ስታራግፍ መጀመሪያ ከረሜላው ወደቀ። ቀጥሎ ድንጋዩ።

"ይሄኛው ደግሞ ለምንድን ነው?" አለችኝ።

ስኳሬ ጥሩ እንደሆነ ነገርኳት።