ስለ ቅባቱ ለኻሊድ መንገር

ጥር 8/2009፣ ሰኞ ጠዋት

ታጠብኩ። ያደረውን ቅባት በለብ ያለ ውሃና በሳሙና አስለቀቅኩ። እጄንም ደግሜ። ትንሽ ቀልቷል። ዶ/ር ሆዳን ይቀላል ብላኝ ስለነበር አልደነገጥኩም።

ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ብልቴ ላይ የወጣው ካንሰር አይደለም። ኪንታሮት ነው! ባለፈው ሳምንት ጅጅጋ ክሊኒኩ ውስጥ ይህን ስትነግረኝ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ለእግር ኪንታሮት የሚሸጠውን ማቃጠያ ከገበያ ልገዛ ነበር ስላት እጄን ያዘችኝ። ለዚያ ቦታ አይሆንም። የታዘዘልኝ ቅባት በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማታ፣ ስስ ተደርጎ፣ ከላይ ብቻ። ወደ ውስጥ በፍጹም።

ጥር 13፣ ቅዳሜ

ቂል ነኝ። ቶሎ ይጥፋልኝ ብዬ አብዝቼ ቀባሁ። ቆሰለ። ሽንት ያቃጥለኛል። ከዚህ ከቱሊ ጉሌድ ጅጅጋ ድረስ ሚኒባስ ላይ በአንድ ጎኔ ተቀምጬ ሄድኩ። ዶ/ር አልተቆጣችም። እስኪሽር አቁሚ፣ ከዚያ በስሱ ቀጥይ አለች። ቅባቱ ኮንዶም ስለሚያበላሽ በኮንዶምም አትተማመኚ፣ እስክትድኚ ግንኙነት ይቅር፣ ባልሽም ይወቅ።

ኻሊድ! አፍደም ነው የሚሠራው፣ በወር አንዴ ይመጣል። ከማን አመጣሽው ቢለኝስ? ከእሱ ሌላ ወንድ አላውቅም። ያምነኛል?

የካቲት 4፣ ቅዳሜ

ነገርኩት። ሻዩ ከፊቱ እንደተቀመጠ ቀዘቀዘ። ኪንታሮቱን የሚያመጣው ቫይረስ በግንኙነት እንደሚተላለፍ፣ ምልክት ሳያሳይ ዓመታት ሊቆይ እንደሚችል፣ መቼ እንደያዘ ማወቅ እንደሚያስቸግር፣ ዶ/ር ያለችኝን ሁሉ።

«ካንቺ በፊት አግብቼ ነበር» አለ በመጨረሻ፤ «ከእኔ ሊሆን ይችላላ?»

«ሊሆን ይችላል።»

«ታዲያ ለምን ብቻሽን ትጨነቂያለሽ፣ አንቺ?»

አለቀስኩ፣ ሳቅኩ። ምሳ ሁለት ሰሃን በላሁ። ቁስሉ ስለሻረ ሰኞ ቅባቱን እንደገና እጀምራለሁ።

መጋቢት 18፣ ሰኞ ጠዋት

የለም! በመስታወት አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። ቆዳዬ ብቻ። አልሐምዱሊላህ። ሊመለስ ይችላል ተብያለሁ። ይመለስ! አሁን የት እንደምሄድ አውቃለሁ።

ወስነናል። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጃለሁ። ዛሬ ዶ/ር ጋ ሁለታችንም። እኔ የማህፀን በር ምርመራ፣ እሱም ይታያል፣ የኤች አይ ቪውንም አብረን። ኻሊድ ከውጭ እየተጣራ ነው፣ መኪናው ሊሞላ ነው ይላል፣ መጣሁ እያልኩት ነው፣ ሻሼን ብቻ ልሰር።