ያልተነካው ሳህን

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

በርበሬ ስቆላ ዋልኩ። ሰፈሩ ሁሉ አስነጠሰ። ጎረቤቴ ኦቲሊያ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ልትገድይን ነው ወይስ ለሙታን ልትደግሺ?» አለችኝ። ለሁለቱም አልኳት።

የሙታን ቀን እየደረሰ ነው፤ ሙታን ወደየቤታቸው ተመልሰው የተሰናዳላቸውን ምግብ ጣም የሚበሉበት። መንደሩ የሞሌ ወጡን ከኔ ነው የሚገዛው። በርበሬው፣ ሰሊጡ፣ ኦቾሎኒው፣ ቸኮሌቱ... ሁሉንም በምላሴ ነው የምመጥነው።

ባሌ ኤቭራርዶ እሁድ ከቺካጎ አልደወለም። አማቴ ዶኛ ሬፉሂዮ «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አሉ ለልጃቸው ሲያደሉ። ቺካጎ እሁድም ይሠራል እንዴ?

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

የኦቲሊያ ወንድም ከቺካጎ ተመልሷል። ኦቲሊያ በጓሮ በኩል መጣችና ቁጭ በይ አለችኝ። ድስት ጥጄ አልቀመጥም አልኳት። ቆማ ነገረችኝ። ባሌ እዚያ ሴት አለችው። ልጅም ወልደዋል... ሴት ልጅ።

«ሰማሽኝ?»

«ሰማሁሽ።»

ማማሰሌን አላቆምኩም። ሞሌ ከተዉት ከሥር ይይዛል።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ሾርባው ምንም ጣም የለውም። የበቆሎ ቂጣውም። ጨው ላስኩ... ድንጋይ። ጉንፋን ይሆናል።

እሁድ፣ ኦክቶበር 19

እኔው ደወልኩ። አነሳው።

«ልነግርሽ ነበር...»

«መቼ?»

ከኋላው ሕፃን ትስላለች። «ማር በሞቀ ውሃ ስጧት» አልኩት። ምን ነካኝ? ከዚያ፣ ለእናትህ ራስህ ንገራቸው ብዬ ዘጋሁት።

ልናደድ ሞከርኩ። እንቢ አለኝ። እንባም የለም። ካሉት በታች ከሞቱት በላይ የሚሉት ይሄንን ነው?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24

ጨው ሁለቴ ጨምሬ ኖሯል። ኦቲሊያ ቀመሰችና ተፋችው። «ባሕር ውስጥ ነው እንዴ የቀቀልሽው?» ድስት ሙሉ ደፋሁ።

ለሙታን ቀን የሠራሁት ከተበላሸ ከእንግዲህ ማን ከኔ ይገዛል? የማውቀው ሥራ ይሄው ብቻ። ምላሴ ካልተመለሰ ምን ሆኜ ልኖር ነው? ይሄን ስጽፍ እንኳ አልፈራሁም። መፍራት እንዳለብኝ ብቻ ነው የማውቀው።

ዶኛ ሬፉሂዮ ማንኪያ ይዘው ድስቱ አጠገብ ተቀመጡ።

«እኔ እቀምስልሻለሁ።»

«ጉንፋን ነው እማማ።»

«ጉንፋን ከመቼ ወዲህ ነው ዓይን የሚያፈዘው?»

ሌላ አልጠየቁኝም። ማንኪያዋን ግን ሽርጣቸው ኪስ ከተቱ፤ ከእንግዲህ ጨዉን ቀምሰው የሚመጥኑት እሳቸው ናቸው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 31

የሙታኑን ጠረጴዛ አሰናዳን። የዶኛ ሬፉሂዮ ሟች ባል ፎቶ፣ የእናቴ ፎቶ፣ ሻማ፣ ውሃ። ለእያንዳንዳቸው ሞሌ በዶሮ። ከዚያ እጄ የኤቭራርዶን ፎቶ ከግድግዳ አወረደና መሃላቸው አቆመው። ሳህንም አደረግኩለት፣ እንደ ሌሎቹ።

ዶኛ ሬፉሂዮ ጮሁ። «ልጄ በሕይወት አለ! ሞት ልትጠሪበት ነው? የሕያው ሰው ፎቶ እዚህ ይቀመጣል?»

«ታዲያ የት ላስቀምጠው?» አልኳቸው። ድፍረት አልነበረም። በእውነት ቦታው ጠፍቶኝ ነው።

ነጥቀው ሻላቸው ሥር ሸጎጡት። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ነግሮኛል... ማክሰኞ ዕለት።» እሳቸው አለቀሱ። እኔ አየኋቸው።

ሳህኑን ግን ያነሳው የለም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

አልተነጋገርንም። የሙታኑን ቢጫ አበባ ቅጠል ግን ከደጃፍ እስከ ጠረጴዛው አብረን በተንን። ሙታን መንገድ እንዳይስቱ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ጠረጴዛው ተነሳ። እንደ ወጉ፣ ኦቲሊያ ባለችበት፣ የሙታኑን ምግብ ተቃመስን። ኦቲሊያ ከሟቹ ሽማግሌ ሳህን ጎረሰችና «ጭድ ሆኗል! ጣሙን በልተው ነው የሄዱት» አለች፣ ደስ ብሏት። ከእናቴ ሳህንም ቀመስን። እሱም ጭድ። እኔም ለወጉ አዎ አልኩ። ለኔ እንደሆነ ሁሉም ጭድ ከሆነ ሰነበተ።

ከዚያ የኤቭራርዶን ሳህን አነሳሁ። ለውሻው ልደፋው ነበር። በልማድ ጣቴን ነክሬ ላስኩ።

አቃጠለኝ። በርበሬው... ቀረፋው... የቸኮሌቱ ምሬት፣ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ እንደሚመጣው።

«እማማ... ይሄኛው ጣሙ አለ።»

ቀመሱ። ኦቲሊያም ቀመሰች። «አልተነካም» አለች። «ማንም አልበላውም።»

ዶኛ ሬፉሂዮ አማተቡ። «በሕይወት አለ» አሉ። ከዓርብ ጀምሮ አምቀው የያዙት ትንፋሽ ወጣ።

«አልመጣም» አልኩ እኔ። ሙታኑ እንኳ መጥተው ነበር።

ሁለታችንም ልክ ነበርን። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ፤ አላነሱትም። እዚያው ቆሜ ሳህኑን ጠርጌ በላሁት። እንባዬ ፈሰሰ፣ አፍንጫዬም። ኦቲሊያ «በርበሬው ነው» አለች፣ ለኔ ብላ። በርበሬው አልነበረም።

ዶኛ ሬፉሂዮ ማንኪያዋን ከሽርጣቸው ኪስ አውጥተው እጄ ላይ አደረጉልኝ።

«እህስ? እንዴት ነበር የኔ አቀማመስ?»

«ጨው አንሶታል እማማ።»