ከጣራው ሣር ውስጥ የወጣው ወረቀት

ለልጄ ለየምሥራች ተገኘ፣ አርባ ምንጭ።

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? የቆላው ሙቀት አልከበደሽም? ባልሽ አብርሃም፣ ልጅሽ ጽዮንስ እንደምን ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ክብሩ ይስፋ። ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። የወንድምሽ ልጅ እፀገነት፣ አባባ ልጻፍልዎ ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። የራሴን ጥፋት በሰው እጅ አላስጽፍም።

ያለፈው ሰሞን ዘመሮ ገበያ ወጥቼ ሻይ ቤት ገባሁ። በቴሌቪዥኑ ሦስት የኛ ሴቶች በሩጫ ተከታትለው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ወጡ። አገራችንም ከዓለም አንደኛ ሆነች አሉ። ወንዱ ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ጎረቤታችን ወሰኔ፣ መቼም ምላሱን ታውቂዋለሽ፣ «አያ ተገኘ፣ ያንተዋ እኮ እነዚህን በጓሳ ዳገት ታስከነዳቸው ነበር! የት ሸሸግካት?» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ሻዬን ትቼ ወጣሁ።

ታግዶ የከረመው የጓሳው ሣር ለአጨዳ ሲከፈት፣ ቀድሞ የደረሰ ነው ረጅሙን የሚያገኘው። በአሥራ ስድስት ዓመትሽ ባለፈረሶቹን ቀድመሽ፣ ማጭድሽን ይዘሽ ጠበቅሽኝ። ቤታችን የተከደነው በዚያ ሣር ነው። በዚያው ወር እመጣለሁ ያለሽ የሩጫ አሠልጣኝ ለሥልጠና የሚወስድሽን ወረቀት ይዞ መጣ፤ አባት ይፈርም አለ። ሴት ልጅ ቁምጣ ለብሳ ባደባባይ አትሮጥም ብዬ መለስኩት። እናትሽ ጠጄ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ለሣርህ ስትሮጥ ያላፈርክ፣ ለራሷ ስትሮጥ አፈርክ?» አለችኝ። እንዳትነግርሽ በማርያም አስማልኳት። አንቺ ደጅ ደጁን ስታዪ፣ ሰውዬው አልመጣም አልኩሽ። በዓመቱ ዳርኩሽ።

ወረቀቱን ጣራው ውስጥ ሰክቼው፣ ሃያ ዓመት ከራሴ በላይ ተኝቷል። አሁን ጣራው ቢያፈስ ሣሩን ስናወርድ ስምሽ እንዳለበት ወጣ። ዳሩን አይጥ በልቶታል። እፀገነት አነበበችውና ሰጠችኝ። እሷም ሯጭ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ወረቀት መጥቶላት አባቷ በኃይሉ ከኔ በተማረው አፍ እምቢ ብሏት ነበር። ያንቺን ወረቀት ፊቱ ዘረጋሁት። አንብቦ የልጁን ፈረመ።

እኔም ያንቺን ፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። እንደማይረባ አውቃለሁ። ይቅር በይኝ ማለት አፌ አልለመደም፤ በቀለም ግን ይኸው ጻፍኩት፦ ይቅር በይኝ።

በኃይሉና እፀገነት እጅ ይነሣሉ። ለአብርሃም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጽዮንን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ስትሮጥ ካየሻት አታስቁሚያት።

አባትሽ ተገኘ
መንዝ፣ ከዘመሮ አጠገብ
መጋቢት 25 ቀን 2014 ዓ.ም.