እምዬ የለካችው ቀሚስ

ይድረስ ለተወደድሽውና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእታለም አማከለች፤

እንደምን ከርመሻል? እንደምን ሰንብተሻል? ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሣብሽ የወገብ ቁርጥማት ዘንድሮስ ተወሽ ወይስ አሁንም ደጅሽን ይጠናል? ጎተራውስ፣ ከብቱስ፣ ያቺ ተናካሽ በቅሎሽስ? እኔና ባለቤቴ ትሩፋት፣ ልጅሽም ፀሐይወርቅ፣ ቸርነቱ አይለየንና ደኅና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም። ይህን ደብዳቤ የሚያነቡልሽ የኔታ እንዳይቸኩሉ አደራ በይልኝ፤ ረጅም ነው። ዓመቱን ሙሉ ወሬያችን የሚደርስሽ በአያ ቦጋለ አፍ ነበር። አያ ቦጋለን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ የጫነውን እህል አንዲት ፍሬ ሳያንጠባጥብ አዲስ አበባ ያገባል፣ ወሬውን ግን ግማሹን መንገድ ላይ ጥሎት ነው የሚደርሰው።

በእሱ የላክሽው ቃል ደርሶኛል። የፀሐይወርቅ የተማሪ ቤት ልብስ ይኸን ጊዜ አልቆ ይሆናል፤ ሌላ ማሰፋት ለእናንተ ሸክም ነውና ክረምቱ ሳይገባ ከቦጋለ ጋር ላካት፤ ፊደሏን ከለየች ይበቃታል ብለሻል። እታለም፣ ይህን ስሰማ ደነገጥሁ። ትሩፋትማ ቃሉን የነገርኋት እኔ በመሆኔ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ። ልጅቷ አልሰማችም፤ እንድትሰማም አልፈለግንም። ስለዚህ ልብሱ ለምን እንዳላለቀ ከመጀመሪያው ላጫውትሽ፤ ሰምተሽ ስትጨርሺ ያን ጊዜ ትፈርጃለሽ።

አምና ልጅቷ ሳትመጣ ልብሷን አሰፍተን እንድንጠብቃት ልኳን ላኪልን ብዬሽ፣ ራስሽ የፈተልሽውን ክር ላክሽልኝ። አያ ቦጋለ ከኪሱ አውጥቶ የልጅቱ ልክ ይኸውልህ አለኝና ሌላ ቃል ሳይጨምር ወደ ገበያው ሄደ። አንቺ ከትከሻዋ እስከ ተረከዟ ነው የለካሻት፤ በእኛ አገር ተረከዝ ያልነካ ቀሚስ መች ቀሚስ ይባላል? እኔ ግን ከተማ ከገባሁ ብዙ ዘመኔ ነውና ይህን ረስቼዋለሁ። እዚህ የተማሪ ልብስ ከጉልበት ጥቂት ዝቅ ካለ ይበቃዋል። እኔም ክሩን እስከዚያው የለካሽው መስሎኝ ዝም ብዬ ይዤው ሄድሁ።

ጨርቁን የገዛነው ጎፋ ካለው ከአብዶ ሱቅ ነው። የእኔ ዓይን ያረፈው በሚያብለጨልጭ ስስ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ነበር፤ ዋጋውም ቀለል ይላል። ትሩፋት ግን ከእጄ ነጠቀችኝና ወደ ፀሐይ ዘርግታ አየችበት፤ ማዶው ታያት። በጥፍሯ ፋቀችው፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ረገፈ። ጫፉን በምራቋ አርሳ በመሀረቧ ጠረገችው፤ መሀረቡ ሰማያዊ ሆነ። አብዶ ጨርቄን እንደ ሌባ መረመርሽው ብሎ ቅር ተሰኘ፤ ወዲያው ግን ሳቁ መጣበትና ከመደርደሪያው ሥር ወፍራም ሰማያዊ ካኪ አወጣ። ለፋብሪካ ሠራተኛ ቱታ የሚሆነው ጨርቅ ነው፤ እኔም ንፋስ ስልክ መጋዘኑ ውስጥ ስሠራ የምለብሰው እሱኑ ነው። ዋጋው ከስሱ ይበልጣል። ትሩፋት ግን ስሱን በዓመት ሁለት ጊዜ ከምገዛ ይህን አንዴ ገዝቼ ልረፍ ብላ ቆረጠች። ሚስቴ ስለሆነች አይደለም የማመሰግናት፤ እኔ ብቻዬን ብሄድ ኖሮ የልጅሽ ልብስ እስከ ገና እንኳ ባልደረሰ ነበር።

ልብስ ሰፊው ቀጄላ በሱቁ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አቁሞ የሚሠራ የለቡ ሰው ነው። ወገኖቹ እዚያው ያርሳሉ፤ አዝመራ ሲደርስ እሱም መኪናውን ሸፍኖ ወደ እነሱ ይሄዳል። እንደ እሱ ያለ እጅ አላየሁም። ስፌቱን ሁሉ ይደርበዋል፤ የቁልፉን ክር በሰም ያሸዋል፤ መቀመጫው ላይ በውስጥ በኩል ሌላ ጨርቅ ይጨምርበታል። ክርሽን ዘርግቶ አየና ይህ የትልቅ ሰው ቁመት አይደለም ወይ፣ ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሰባት ነው፣ የእኛ ዘር ረጅም ነው አልሁት፤ ደረቴንም ነፋሁ። ቀና ብሎ የእኔን ቁመት አየና በዚያው ልክ ጨርቁን ቆረጠ።

ልጅሽ ከአያ ቦጋለ ጋር የደረሰችው መስቀል ሊውል ሲል ነው። ቀሚሱን ብናለብሳት እግሯ ጠፋ፤ ካባ የደረበች ትንሽ ቄስ መሰለች። አያ ቦጋለ ሳቁን ማቆም አቃተው፤ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ተማሪ ቤቱ መስቀል እንዳለፈ ይከፈታል፤ ልብሱ እንደ ደንቡ ያልሆነ ልጅ ከበር ይመለሳል፣ ቦታውም ለሌላ ይሰጣል ተብሎ ተነግሮናል። እጇን ይዤ ወደ ቀጄላ ሮጥሁ። ለበዓሉ ወደ ለቡ ሊሄድ ዕቃውን ሲሰበስብ ደረስንበት። ምንም ሳያማርር ልጅቷን ዱካ ላይ አቆማት፤ ከጉልበቷ በታች በጠመኔ አሰመረ፤ ከዚያ መቀሱን አነሣ።

“እምዬ የለካችውን አይቁረጡብኝ” አለችው።

እታለም፣ አላለቀሰችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ቀሚሱን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች እንጂ። እኔ ልቆጣት ስል ቀጄላ መቀሱን አስቀመጠ። “እሺ የኔ እናት፣ አንቆርጠውም፤ እናስቀምጥልሻለን” አላት። ትርፉን ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ፣ ደግሞ አጥፎ፣ ሦስተኛም አጠፈው፤ እያንዳንዱን እጥፋት ሌላውን ሳይነካ እንዲፈታ አድርጎ በእጁ ሰፋው። ለቡ የገባው መሽቶበት ነው።

ተማሪ ቤት በተከፈተ ዕለት አስተማሪዋ የቀሚሱን ጫፍ ገልብጣ አየችና የሰፋው ማነው ብላ ጠየቀች። ከባድ ስለሆነ ነፋስ አያነሣውም፤ ሲቀመጡበት አይጨማደድም፤ ልጅ ሲያድግ አብሮ ይወርዳል ብላ ለሌሎቹ ወላጆች አሳየች። ቀጄላም ከእኔ የሰማውን ያገራችንን ስም አወጣለት። እንግዲህ ጎፋ ውስጥ ልጁን የሚያስመዘግብ ሁሉ ጅሩ በየት በኩል እንደሆነ ሳያውቅ “የጅሩ እጥፍ አድርግልኝ” እያለ ያሰፋል። ያንቺ ክርና የእኔ ስሕተት ተጋብተው የወለዱት ነው።

ቀሚሱ በየቅዳሜው ይታጠባል። የጓደኞቿ ልብስ ክርኑና መቀመጫው ወንፊት ሲሆን የእሷ ቀለሙ ብቻ ፈዘዝ አለ። ከፋሲካ ወዲህ ቁመቷ ስለጨመረ ቀጄላ አንዱን እጥፋት ፈታላት። ከውስጥ የወጣው ጨርቅ ፀሐይ አላየውምና ደማቅ እንደሆነ ከታች ዞሮ ይታያል። ልጆቹ ይህ ምንድን ነው ብለው ቢስቁባት፣ እምዬ ያስቀመጠችልኝ ነው፣ ገና ሁለት አለኝ ብላቸው አረፈች። ትሩፋት ይህን ስትሰማ ወደ ጓዳ ገባች፤ ቆይታ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

እንግዲህ ልብሱ አላለቀም። ሸክም ሆነችባችሁ አትበይኝ፤ ያለበስሻት አንቺ ነሽ። ባልሽ ካረፈ ወዲህ እርሻውን ብቻሽን ይዘሽ ልጅሽን ከጉያሽ አውጥተሽ መላክሽን ሳስበው አደንቅሻለሁ፤ እኔ ብሆን አልችለውም ነበር። የጀመርሽውን አታቋርጪው። ሁለቱ እጥፋት እስኪፈቱ ድረስ ልጅቷን ተይልን።

ለአክስታችን ለእትዬ ተሾመች ጉልበቷን ስሜያለሁ በይልኝ። ታናሹን ልጅሽን ሽብሩን፣ እህትህ የራሷን ስም ጽፋ የአንተን ጀምራለች በይው። የኔታን እጅ ነሥቻለሁ። አያ ቦጋለን ደግሞ ደብዳቤውን ባይጥልብኝ አመሰግነዋለሁ።

ክርሽን ከደብዳቤው ጋር መልሼልሻለሁ። ልጅሽ እስካሁን ትራሷ ሥር ታስቀምጠው ነበር። ሰሞኑን ቀጄላ በዚያው ክር ከትከሻዋ ወደ ታች ቢለካት ተረከዟ ሳይደርስ አለቀበት፤ ስለዚህ ቀሚሷን ከሰፋበት ሰማያዊ ክር ቀጠለበት። ቋጠሮውን ያሰረችው እሷ ራሷ ናት። ነጩ አንቺ የላክሽው ነው። ከቋጠሮው ወዲያ ያለው ሰማያዊ፣ አንቺ ሳታያት ያደገችው ነው።

ወንድምሽ ከበበው
ጎፋ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.