ስለ ተነቀለው የአጣጥ አጥሬ፣ ለጓድ ሊቀመንበር

ለተከበሩ ጓድ ገነነ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፤

ጤናዎ የተሟላ፣ የማኅተምዎም ቀለም የማይደርቅ ይሁን እያልኩ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ በዶሮ ማነቂያ ሰፈር የምታወቅበት የአጣጥ አጥሬ ግን የለም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ተመራማሪዋ ዶክተር አዳነች ከዚህ እሾኻም አጥሬ ቅጠል ወስደው በብልቃጥ ቢፈትኑት ነቀርሳን የሚገታ ነገር አገኙበት። ባለቤቴን እሸቴን የቀበርኩት በዚሁ በሽታ ነውና ስሰማ ደስታዬ አላስቀምጥ አለኝ። ግኝቱን ለማረጋገጥ ከዚያው አጥር አንድ ጆንያ ቅጠል እንዲለቀምላቸው ለቀበሌው አመለከቱ። እርስዎ ደግሞ ትንሽ ነገር አይሆንልዎትምና ዘመቻ አወጁ።

፩ኛ፣ ቅጠል ያላመጣ ቤተሰብ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር እንደማያገኝ በድምፅ ማጉያ ስላስነገሩ አመሰግናለሁ። ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር አረንጓዴ ነገር አልተረፈም። ወይዘሮ አባይነሽ የጠጅ ጌሾአቸውን፣ ወይዘሮ ሰዓዳ የጓሮ ጤና አዳማቸውን፣ አቶ ደምመላሽ ጎመን ይዘው ተሰለፉ። እኔም ስኳር እወዳለሁና አልፈርድባቸውም።

፪ኛ፣ ዶክተሯ የአጣጡ ቅጠል ለብቻው ይሁን ብለው ቢማጸኑ፣ በቅጠልና በቅጠል መካከል የመደብ ልዩነት የለም ብለው ሁሉንም አንድ ላይ ስላስጠቀጠቁት አመሰግናለሁ። ጆንያው ሲከፈት የጠጅ ቤትና የወጥ ቤት ሽታ ተቀበላቸው። ዘመቻው ከዕቅድ በላይ ተሳክቷል የሚለው ሪፖርትዎ ግን በጭብጨባ አለፈ፤ እኔም አጨብጭቤአለሁ።

፫ኛ፣ ይኼኛው ያንገበግበኛል። ከዕቅዱ በላይ ለመሰብሰብ ሲባል አጥሬን ከነሥሩ አስነቅለው ከጎመኑ ጋር ቀላቀሉት። ዶክተሯ ባዶውን መሬት ሲያዩ እንባቸው መጣ፤ የእኔም መጣ። ቅንድብ ሊኩሉ ዓይን ማጥፋት ሲባል የሰማሁትን፣ በዓይኔ ስላሳዩኝ ውለታዎ አለብኝ።

ሳይንስን ከሚወዱት ወገኖች ሁሉ አምላክ ሳይንስን እንዲጠብቅልን እየተመኘሁ፣ ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣

የቀድሞዋ ባለ አጥር
ተናኘወርቅ እምሩ

ግልባጭ፦ ለቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ

ማሳሰቢያ፦ ከተጣሉት ሥሮች አንዱ ከአንድ ጓሮ ተተክሎ አቆጥቁጧል፤ ዶክተሯም አይተው አጣጥ ነው ብለዋል። የማን ጓሮ እንደሆነ የሰፈሩ ሕፃንም ሽማግሌም ያውቃል፤ ለእርስዎ ግን እንደገና ሊረዱን እንዳይደክሙ ብለን አንነግርዎትም። ስኳሩን ያስቀሩብን፤ ሻይ ያለ ስኳርም ይጠጣል።