ስለ ሃያ አራቱ ቮልት፣ ስለ መጥረጊያ እንጨቷና ስለ ቢሮዎ በር

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የጠቅላላ አገልግሎት ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወገብዎን፣ ደምዎን፣ በተለይም የቀኝ እጅዎን ጣቶች ደህና ያድርግልኝ እያልኩ፣ እኔ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ኤሌክትሪሺያን፣ ከጻፍኳቸው አራት ደብዳቤዎች ሦስቱ መልስ ስላጡ፣ አምስተኛውን አገር ያንብበው ብዬ በግልጽ ጽፌዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ እኩልነት ፍቅርዎ አመሰግናለሁ። ሦስቱ ማጠቢያ ማሽኖቻችን ከሦስት አገር የመጡ ናቸው፤ ሞተሮቻቸው በአንድ ዓይነት ኃይል ቢዞሩም፣ የሰው ጣት የሚያርፍበትን የማስነሻና የማቆሚያ ቁልፍ አንዱ አገር በ24፣ ሁለተኛው በ110፣ ሦስተኛው በ220 ቮልት እንዲሠራ መርጦለታል። እርስዎም ይህን መድልዎ አይተው ዝም አላሉም፤ ሁሉም አንድ ይሁን ብለው በሰርኩላር አዘዙ። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ግን ወደ ላይ ማለት ይወዳሉና 220ን መረጡ። ቅሬታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

1ኛ፦ ያ ባለ 220 አገር ቁልፉን በጎማ አሽጎ፣ ወለሉን አድርቆ ነው የመረጠው። የእኛ ወለል ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ነው፣ የቁልፉም ጎማ ድሮ ተበልቷል። ይህን በአራተኛው ደብዳቤ ባመለክት፣ «ውሃውን ጥረጉት» የሚል ጥልቅ ቴክኒካዊ መልስ ሰጥተውኛል።

2ኛ፦ ቮልቴጁን ዝቅ የሚያደርጉትን ትራንስፎርመሮች ትርፍ ዕቃ ናቸው ብለው አስፈቱኝ። ፈታሁ፤ ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው! የ24ቱ ትራንስፎርመር ዛሬ የቢሮዎ በር በነፋስ እንዳይላተም ደግፎ ይዟል። ለበርዎ የተደረገውን ጥንቃቄ ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ በር መሆን አማረኝ።

3ኛ፦ ሃያ ሁለት ዓመት የበሽተኛ አንሶላ ያጠቡት፣ ሁላችንም እትዬ አረፋ የምንላቸው የማሽን ሠራተኛ፣ ባለፈው ወር ማቆሚያውን በእርጥብ እጃቸው ቢነኩት ወርውሮ ከግድግዳ አላተማቸው። ሁለት ጣታቸው እስካሁን ደንዝዟል። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን የሚጫኑት በመጥረጊያ እንጨት ነበር፤ እርስዎ ግን «የተቋሙን ንብረት በእንጨት በመነካካት» የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ሰጧቸው፣ እንጨቷንም አስወረሱ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድ ሲባል እንሰማ ነበር፤ እንጨት መንጠቅ ግን የእርስዎ ፈጠራ ነው።

4ኛ፦ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ስንብት ነው፤ ለጡረታ የቀራቸው ስምንት ወር ነው። ወይ ጣታቸውን ወይ ሥራቸውን ይምረጡ ማለት ነው እንግዲህ።

ክቡርነትዎ፣ አንጀቴ እርር ብሎ ነው የምጽፈው። እኔም አንድ መሆናቸውን አልጠላሁም፤ ሦስቱም እርጥብ እጅ ቢነካው እንኳ ሰው የማይወረውረው 24 ይሁኑ። ትራንስፎርመሩን ከበርዎ ሥር አንስተው ይስጡኝ፣ ለሌሎቹ ሁለቱ መሰሉን ያስገዙልን፣ የእትዬን ማስጠንቀቂያም ይቅደዱት። በሩን ሠራተኛው ተራ ገብቶ ይይዝልዎታል።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ጎማ ጫማዬን ግን ሳላወልቅ እጅ የምነሳ፣
ታዛዥዎ ኤሌክትሪሺያን

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ማክሰኞ እንግዶች አስከትለው መጥተው፣ እኩል የሆኑትን ማሽኖች በገዛ እጅዎ እንደሚያስጀምሩ ከማስታወቂያ ሰሌዳው አነበብን፤ ደስታችን ወሰን የለውም። ቁልፉን እትዬ አረፋ ራሳቸው ያሳዩዎታል። እንጨቷ በትእዛዝዎ ንብረት ክፍል ተቆልፎባታል። ብቻ እጅዎን ታጥበው ይምጡ፤ ፎጣዎቹ ገና ማሽኑ ውስጥ ናቸው።